ተመስጦ ነው ወይስ ወገብ?

ሰው ከዛፍ ወድቆ ወገቡን ይሰብራል። ከበቅሎ ወድቆ ይሰብራል። ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦበትም ይሰብራል፤ ይህን የመጨረሻውን እኔ ስፈራው ዕድሜዬን ጨርሼ ሳይመጣ ቀረ። የእኔን ወገብ የሰበረው ስግደት ነው። መሳቅ ትችላላችሁ። እኔም ስስቅበት ከርሜአለሁ፤ ከሁሉም ቀድማ የሳቀችው ግን ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት፤ ያውም ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣ ሐኪሟ እያየቻት።

ያኔ ማን እንደነበርሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሞገስ እባላለሁ። ከጎንደር አዲ አርቃይ፣ ከአዲ አርቃይ ጎንደር የጭነት መኪና ስነዳ ነው ፀጉሬ የሸበተው። በሁለት ነገር እታወቅ ነበር፤ በቁመቴና በአፌ። ቁመቴን ያየ ጫኝና አውራጅ "ሞገስ ካለ መሰላል ምን ያደርጋል" ይላል፤ አፌን የሰማ ትራፊክ ደግሞ ነገር ሳያስረዝም መንገድ ይለቅልኛል። ሴት ወይዘሮ መንገድ ዳር ቆማ ካየሁ ሳልጨዋወት አላልፍም። ክፉ ሰው አልነበርሁም፤ ነገር ግን እኔን አይቶ ገዳም ትዝ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጡረታ ወጥቼ ከጎንደር አጠገብ ፀዳ በሠራነው ቤት ከተቀመጥሁ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ሆንሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጠዋት ደክሞኝ እነሣለሁ። ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ እንዳለሁ አንገቴ ይወድቃል። ሁለት ቀን ካልተላጨሁ ሰው ያስፈራ የነበረው ጢሜ ለመብቀል ሰነፈ። ያ ሁሉ ቁጣዬም ጠፋ፤ ባጃጅ እግሬን ሊረግጠኝ ለትንሽ ሲስተኝ እንኳ "ይሁን" ብዬ አልፋለሁ። አንዳንዴ ቁጭ ባልሁበት ከደረቴ የተነሣ ሙቀት ወደ ፊቴ ይወጣና፣ ሰው ሁሉ ጋቢ በደረበበት ብርድ እኔን ላብ በላብ ያደርገኛል። ስለ አልጋ ነገር እኛ ዘንድ በአደባባይ አይወራምና አሳጥሬ ልለፈው፤ ያ ነገር ተወኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ ወይም ተደብቆ መድኃኒት ይጠይቃል። እኔ ግን ደስ አለኝ። የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ስንት ዘመን "ሞገስ፣ ዓይንህን ሰብስብ" እያሉ ሲመክሩኝ የኖሩት ዓይን ሳልሰበስበው ተሰበሰበ። በዚያ ሰሞን ገድል ሲነበብ መስማት አዘወትር ነበር። ቁጣ የራቀላቸው፣ ፈቃደ ሥጋ የጠፋላቸው አባቶች ታሪክ ነው። አንድ በአንድ ከራሴ ጋር አስተያየሁት። ቁጣ የለም። ፈቃደ ሥጋ የለም። የዓለም ምኞት? ጥሬ ሥጋ እንኳ አያምረኝም። ደረቴ ላይ የሚነደውስ ሙቀት? እሱማ እሳተ መንፈስ መሆን አለበት። "ጸጋ ወርዶልኛል" አልሁ። ስቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቤ አምኜ ነበር።

ሰፈሩም አመነ። ድሮ ጠብ ሲነሣ "ሞገስን ጥሩት፣ ይሳደብልን" ይሉ የነበሩ ሰዎች፣ አሁን ማዕድ ሲቀርብ "አያ ሞገስ ባርክልን" ይሉኝ ጀመር። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ እባርካለሁ። ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልከበደኝም፤ ከፍ ማድረጊያ ጉልበቱ አልነበረኝም።

በመጨረሻ ቆብ ልደፋ ቆረጥሁና አባ ተክሌ ዘንድ ሄድሁ።

"አባቴ፣ ልመነኩስ ነው።"

አባ ተክሌ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ አድርገውም አዩኝ። "ምን አግኝቶህ ነው ልጄ?" አሉ።

"ጸጋ ወርዶልኛል።"

"እንዴት ያለ ጸጋ ነው?"

ዘረዘርሁላቸው። ሙቀቱን፣ ቁጣውን፣ ያንን ነገር። እንቅልፉ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

"እንቅልፍም ጸጋ ነው ትላለህ?"

"ዕረፍተ ነፍስ ነው አባቴ።"

ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከለሉት መሰለኝ። "እንግዲያው ባለቤትህን ጠይቅ" አሉኝ። "በሕግ ያገባ ሰው ያለ ሚስቱ ፈቃድ ቆብ አይደፋም። እሷ እሺ ካለች ያኔ እንነጋገራለን።"

ጥሩወርቅን ያገኘኋት በረንዳው ላይ ምስር ስትለቅም ነው። ያሰብሁትን ሁሉ፣ የምገባበትን ገዳም ጭምር፣ ቆሜ ነገርኋት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

"ምነው ሞገስ?" አለችኝ። "ምን በደልሁህ?"

"ምንም አልበደልሽኝም። የእግዚአብሔር ጥሪ ነው።"

"ጥሪው ለብቻህ ነው የመጣው?"

"ጸጋ የሚወርደው ለብቻ ነው።"

ምስሩን በጣቷ ወዲህ ወዲያ ስትገፋው ቆየች። "መጪውን ሕማማት እዚያው ገዳሙ ሄደን እንስገድ" አለች በመጨረሻ። "እኔም እመጣለሁ፤ የምትኖርበትን ቦታ በዓይኔ ልየው። ከፋሲካ በኋላ ቃሌን እሰጥሃለሁ፤ እሺ ወይም እምቢ።"

ይህን ስትል ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ አላየኋትም። እሺ ካለች ልጆች ያሳደግንበት ትዳር በዚያው ያበቃል። ቤቱን ትቼላት እሄዳለሁ፤ እሷም ባሏ በሕይወት እያለ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር፤ አላመመኝም። አለማመሙንም ከጸጋው ቆጠርሁት።

ገዳሙ ከዳባት አለፍ ብሎ ደጋው ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ በእኔ የተነሣ እስካሁን ይሳቅ ይሆናል። ከመንገዱ ወርደን በእግራችን ስንወጣ ወገቤን ይወጋኝ ነበር። ከወራት በፊት የጀመረ ነው። "የሹፌር ወገብ ነው" ብዬ ትቼው ነበር። ጥሩወርቅ ከኋላዬ እየተከተለች "ጎበጥህሳ" ስትለኝ፣ "ትሕትና ነው" አልኋት።

ሰኞ ስግደቱ ተጀመረ። ከአጠገቤ የቆመው አያ ዘውዴ የሚባል የዚያው አገር ገብስ አራሽ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ቁመቱ ግን ትከሻዬ ላይ አይደርስም። ሰውዬው ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ይወድቃል፣ ይነሣል። እኔ አንዴ ወርጄ እስክነሣ እሱ ሁለተኛውን ጨርሶ ይጠብቀኛል። ጸጋ የወረደልኝ እኔ፣ የሚሰግደው እሱ! የሞተ ያልሁት እልኬ በዚህ ጊዜ ብቻ ተነሣ። ከንስሐ ይልቅ ሩጫ ሆነብኝ። ሐሙስ ሲደርስ እጁን በአክብሮት ደረቱ ላይ አድርጎ "አያ ሞገስ፣ ሸጋ ትሰግዳለህ፤ ትንሽ ግን ብታርፍ" አለኝ። በደግነት ነበር። እኔ ግን ስድብ አድርጌ ወሰድሁት፤ ዓርብንም ያለ ዕረፍት ለመዋል ማልሁ።

ዓርብ ስቅለት ነው። የደጋ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ጥላው ደግሞ ያንዘፈዝፋል። "ኪርያላይሶን" እየተባለ ሲሰገድ ዋለ። ወደ ማምሻው፣ ሥርዓቱ ሊፈጸም ሲል፣ ካህናቱ የወይራ ዝንጣፊ ይዘው በሕዝቡ መካከል ያልፋሉ። የእያንዳንዱን ሰው ጀርባ በቅጠሉ መታ መታ እያደረጉ "ይህን ያህል ስገድ" ይላሉ። ሕመም የለውም፤ ቅጠል ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ለመጨረሻ ጊዜ ተንደርድሬ ወደ ምድር ጎነበስሁ። ካህኑ ወይራውን ጀርባዬ ላይ ባሳረፉበት ቅጽበት ከውስጤ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ትንፋሼ ተቋረጠ። ግንባሬ ምድር ላይ እንደ ተተከለ ቀረ። ለመነሣት ሞከርሁ፤ ከወገቤ በታች ያለው አካሌ ትእዛዝ አልቀበልም አለ። ለመጮህ አፌን ብከፍት "ህ" የምትል ትንሽ አየር ወጣች።

አጠገቤ ያሉት ሰዎች እኔን ትተው ስግደታቸውን ቀጠሉ። ቆይተው ግን አለመነሣቴን አዩ።

"ምነው አልተነሣም?" አለ አንዱ።

"አትንኩት!" አለ አያ ዘውዴ። "ወይራው ሲነካው ነው የቀረው። ተመስጦ ላይ ነው።"

ይህን ጊዜ አንዲት እናት እልል አሉ። እልልታው ወደ ኋላ ሄዶ የሴቶቹን ወገን ሞላው። ሰው ተሰበሰበ። አሁን የምነግራችሁን ለአባ ተክሌም የነገርሁት ዘግይቼ ነው። ትንፋሼ መለስ ብሎልኝ ነበር፤ "ወገቤን!" ማለት እችል ነበር። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ከራስጌዬ "እንዴት ያለ ጻድቅ ነው!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝም አልሁ። እስቲ ትንሽ ይበሉ አልሁ።

ዋጋዬን ወዲያው አገኘሁ። እጃቸው የታመመ እናት ከጻድቁ በረከት ሊካፈሉ መዳፋቸውን ልክ በተሰበረው ቦታ ላይ አሳርፈው ተጫኑት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"እንባውን እዩ! እንባውን!" አለ ሕዝቡ።

ሌላ እጅ ተጨመረ። ደግሞ ሌላ። በረከቴን ሲካፈሉ በሕይወት የምተርፍ አልመሰለኝም። እንግዲህ ልጩኽ ብዬ ኃይሌን ስሰበስብ የጥሩወርቅን ድምፅ ሰማሁ። ሰዉን በክርኗ ገፍታ ገብታ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን አፌ አጠገብ አደረገች።

"ሞገስ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እውነቱን ንገረኝ። ተመስጦ ነው ወይስ ወገብ?"

"ወገብ" አልሁ።

ብድግ አለች። "እጃችሁን አንሡ!" ብላ ጮኸች። "ምንም አልወረደበትም! ይህ ሰው ወገቡ ተቆርጧል!"

እጃቸው የታመመው እናት "እኔን ይድፋኝ! ወይራው ነው የሰበረው?" አሉ። ካህኑ የያዙትን ቅጠል ደንግጠው ሲያዩት በአንድ ዓይኔ አየሁ፤ አዘንሁላቸው።

አያ ዘውዴ ልቡ ተሰብሮ "ከታች መንደር ሸጋ ወጌሻ አለ" አለ። "ተረከዙን ጀርባው ላይ አሳርፎ አንዴ ሳብ ቢያደርገው ቀጥ ይላል።"

"ማንም እጁን አያሳርፍበት" አለች ጥሩወርቅ። "ቃሬዛ ሥሩልኝ። ጎንደር እወስደዋለሁ።"

ቃሬዛው ተሠራ። ገዳሙ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ አደርሁና፣ በማግሥቱ ሰማዩን እያየሁ ወረድሁ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አያ ዘውዴ ነበር። ስግደቱን ጨርሶ፣ ሲያከፍል አድሮ፣ ደግሞ እኔን ተሸክሞ ሲወርድ አንዴ እንኳ አላለከለከም። በየጉድጓዱ ቃሬዛው ሲነጥር አማላጅ የምጠራበት አፍ አጣሁ። ከአስፋልቱ ስንደርስ ሚኒባስ ለምነን፣ የኋላውን ወንበር አጥፈው አጋደሙኝ።

"እግሬ የማይንቀሳቀስ ቢሆንስ?" አልኋት ጥሩወርቅን።

"ጣቶችህን አንቀሳቅስ" አለችኝ። አንቀሳቀስሁ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ያኔ ፊቷን አየሁት። በጣም ከስታ ነበር። መቼ እንደ ከሳች አላውቅም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ራጅ አስነሥታ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዛ ካየች በኋላ መጣች።

"አባባ፣ ከጀርባዎ አከርካሪ አንዱ አጥንት ተጨፍልቋል። ነርቩ ግን ደህና ነው፤ ይሄዳሉ። ከምን ላይ ወደቁ?"

"አልወደቅሁም።"

"መኪና ገጨዎት?"

"ሰው እንዳልገጭ ስጠነቀቅ የኖርሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው?"

"ስሰግድ።"

ፊልሙን መልሳ አየችው። "ጤነኛ አጥንት በስግደት አይሰበርም" አለች። "ስብራቱ ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም፤ ሌላ የቆየም አለ። ቁመትዎ ቀንሷል?"

"የእኔ ቁመት?" አልሁ ተኝቼም ቢሆን በኩራት።

"ሱሪውን በየዓመቱ የማሳጥርለት እኔ ነኝ" አለች ጥሩወርቅ። "ሱሪው ሲታጠብ እየተለጠጠ ነው ይለኛል።"

ዶክተሯ ፈገግታዋን ዋጠችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አሁን የምጠይቅዎ ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ነውና አይፈሩ። ከባለቤትዎ ጋር ያለዎት የአልጋ ግንኙነት እንዴት ነው?"

ጣሪያውን አየሁ። የዚያን ክፍል ጣሪያ ዛሬም ልሥልላችሁ እችላለሁ። "እኔ" አልሁ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ከዚያ ነገር በጸጋ ተላቅቄአለሁ።"

"በጸጋ?"

"ቆብ ሊደፋ ነው" አለች ጥሩወርቅ።

ዶክተሯ አልሳቀችም፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግናታለሁ። "ጸጋው ከመጣ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?" ብላ ጠየቀች።

እኔ ስዳክር ጥሩወርቅ መለሰችላት። "ሱሪውን ማሳጠር ከጀመርሁ ወዲህ ነው።"

"ድካምስ? ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥልዎታል? ጢምዎ ሳስቷል? ድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣ ሙቀትና ላብስ አለ?"

የጸጋዬን ዝርዝር አንድም ሳታስቀር ጠራችው። ሙቀቱ ላይ ስትደርስ "እሱን ማን ነገረሽ?" አልሁ። ከገድል ሌላ የትም ያለ አይመስለኝም ነበር።

ደም በጠዋት፣ ምግብ ሳልቀምስ ተወሰደ። ሆርሞን በአንድ ቀን ምርመራ አይፈረድበትም ተብሎ በሌላ ቀን ደግሞ ተወሰደ። በመካከሉ ፋሲካ ሆነ። ጥሩወርቅ ዶሮውን በሳህን ይዛ መጥታ ሆስፒታል አጎረሰችኝ። ስለ ቃሏ አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስንተያይ ግን ሁለታችንም ስለ እሱ ነበር የምናስበው።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ሕይወት አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆመች። "አባባ፣ የወንድ ሆርሞንዎ በጣም ዝቅ ብሏል" አለች። "ሁሉም ወንድ በዕድሜ ትንሽ ይቀንስበታል፤ የእርስዎ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ድካሙም፣ ሙቀቱም፣ የፍላጎት መጥፋቱም ከሱ ይመጣል። ሰው የማያውቀው ግን አጥንትም የሚጠበቀው በሱ መሆኑን ነው። ሲጎድል አጥንቱ ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ እስኪሰበር ድረስ ደግሞ አያምም።"

"እኔኮ ወንድ ነኝ" አልሁ። "ይህ የሴት በሽታ አይደለም?"

"ብዙ ወንድ እንደዚህ እያለ ነው ሳይታከም የሚቀረው። እንዲያውም በወንድም ሰውነት ውስጥ ከዚያ ሆርሞን የተወሰነው ወደ ሴት ሆርሞን ይለወጣል፤ አጥንትን ይበልጥ የሚጠብቀው እሱ ነው።"

"እኔ ውስጥ የሴት ሆርሞን?"

ጥሩወርቅ የሳቀችው ይኼኔ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። በአጠገቤ ባለው አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛም ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ጀርባዬ ከለከለኝ። ከዚያ የጥሩወርቅ ሳቅ ድምፁ ተለወጠ። ቀና ብላ ዶክተሯን አየቻት፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር።

"ታዲያ" አለች፣ "እኔን ጠልቶ አይደለም?"

"አይደለም እማማ" አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። "ታሞ ነው።"

"ስንት ዓመት ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲተኛ፣ አስጠላሁት ብዬ ነበር። አረጀሁበት፣ አስጠላሁት ብዬ። እግዜርን ሰበብ አድርጎ ሊሸሸኝ ነው ብዬ። እሺ ልለው ነበርኮ። የሚጠላኝን ሰው ምን ብዬ አስቀረዋለሁ?"

አከርካሪዬ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ትንሽ ነበር። ይህን ስሰማ የተሰማኝ ግን ከዚያ ይብሳል። አንዲት ሴት ከአጠገቤ ተኝታ በየሌሊቱ ራሷን ስትከስ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ቅድስናዬን አጣጥም ነበር። "ጥሩዬ" አልኋት። እጇን ያዝሁ።

አባ ተክሌ ሊጠይቁኝ መጡ። ታሪኩን ቀድመው ሰምተዋል፤ ጎንደር ውስጥ ያልሰማ የለም። መስቀል አሳልመውኝ ተቀመጡ።

"አባቴ፣ ቆቡስ?" አልኋቸው።

"ቆቡ የትም አይሄድም" አሉ። "አንተ መጀመሪያ ታከም። የመነኮሰ ሰው ያለውን ነው ለእግዚአብሔር የሚሰጠው። አንተ የጠፋብህን ነገር ሰጠሁ ልትል ነበርኮ ልጄ። ድነህ፣ ሥጋህ ተመልሶ፣ ሚስትህን እየወደድሃት ትተሃት መምጣት ከቻልህ ያኔ ና።" ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው "መነኮሳቱ ግን ደስ ብሏቸዋል" አሉኝ። "የአፍህን ዝና ሰምተዋል።"

ሕክምናው ረጅም ነው። ለአጥንቱ በሳምንት አንድ ቀን በባዶ ሆድ፣ በብዙ ውኃ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ከዋጡት በኋላ መጋደም አይቻልም፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። ፀሐይ ሙቅ፣ በእግርህ ሂድ፣ በጾም ቀን ሰሊጥና ጎመን አብዛ ተብያለሁ። ለሆርሞኑ ደግሞ መጀመሪያ ፕሮስቴቴ ተመረመረ። ስለዚያ ምርመራ ጣሪያውን እንደገና በደንብ አጠናሁት ከማለት በቀር የምጨምረው የለም። ደህና ነው ሲባል መርፌው ተጀመረ፤ በየጊዜው ደሜ እየታየ ነው የሚሰጠኝ።

ወሬው ሹፌሮች ዘንድ ሲደርስ ስልኬ ዕረፍት አጣ። "ወገብህ እንዴት ነው?" ብለው ይጀምራሉ፤ ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ መርፌ ማነው ስሙ?" ይላሉ። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። በስሙ ገዝተህ የምትወጋው ነገር አይደለም፤ ላልጎደለው ሰው ጉዳት አለው፤ ሂድና ተመርመር። "ኧረ እኔ እንኳ ደህና ነኝ፣ ለአንድ ጓደኛዬ ነው" ይሉኛል። የዚያ ጓደኛቸው ብዛት ያስገርመኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በዕድሜ የገፋችሁ ወንዶች፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ አጥንት ለሴት ነው የሚሳሳው፣ እኛ ብረት ነን ብለን ነው ያደግነው። ድካሙን እርጅና እንለዋለን፣ መጉበጡን ትሕትና፣ ያንን ነገር ደግሞ ጨርሰን አንጠራውም። ከገድል ጋር ያስተያየሁት ምናልባት እኔ ብቻ እሆናለሁ፤ ስም ለውጦ የደበቀው ግን ብዙ ነው። ቁመታችሁ ካጠረ፣ ትንሽ ነገር ከሰበራችሁ፣ ሰውነታችሁ የማታውቁት ሰው ከሆነባችሁ ሐኪም ጠይቁ። ከዚያ በፊት ደግሞ አጠገባችሁ የተኛችውን ሴት ፊት እዩ። እሷ ከራጅ በፊት ታውቃለች።

ጎረቤቶቼ አሁን ማዕድ አያስባርኩኝም። ባለፈው ሰሞን አንድ ባጃጅ ነጂን ከነዘር ማንዘሩ ሰድቤው ስገባ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ እልል አለች። ጀርባዬ ትንሽ እንደ ጎበጠ ቀርቷል፤ የቀነሰ ቁመት አይመለስም። ሌላው ግን ቀስ እያለ ተመልሷል፤ ስለሱም በአደባባይ አይወራም።

አንድ ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፀሐይ ስንሞቅ፣ ጥሩወርቅ ወደኔ ሳትዞር፦

"ፋሲካ ካለፈ ቆየ" አለችኝ። "ቃሌን አልጠየቅኸኝም።"

"ፈርቼ ነው።"

"ምን ፈራህ?"

"እሺ እንዳትይኝ።"

ልቤ በሊማሊሞ ገደል መኪና ስነዳ እንኳ እንዲያ መትቶ አያውቅም።

"እምቢ" አለች። "አልፈቅድልህም።"

ከዚያ ተነሥታ ቁርስ ልታቀርብ ገባች።